ለመድኃኒት የተፋቀ በር

ታከለ ግድግዳ ሳያንኳኳ አይቀመጥም ነበር። ሰርግ ይጠራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፤ ገና በትሩን ሳያስቀምጥ በጣቱ አንጓ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ ደስ ካለው ይቀመጣል፤ ካላለው ሰበብ ፈልጎ ከደጅ ይውላል። እኔ እማዋይሽ አሥራ ስምንት ዓመት ሚስቱ ሆኜ ስኖር በዚህ አመሉ ያላፈርሁበት ቤት የለም። ወንድሜ አዲስ ቤት ሠርቶ ሲያስመርቅ፣ ካህናቱ ገና ጠበል እየረጩ፣ «ይኼ ጥግ ሆዱ ባዶ ነው» ብሎ ድግሱን አበላሸው። ወንድሜ ተቀየመን። ምን ያደርጋል፣ በሐምሌ ጥጉ ተናደ።

ፈሪ ነው ይሉት ነበር። ይበሉ! ፈሪስ ፈሪ ነው፤ ግን ለራሱ ፈርቶ አያውቅም። እሱ የሚፈራው ሰው በሠራው ነገር ሥር ለሚያልፈው ለሌላው ሰው ነው።

አባቱ ሸማኔ ነበሩ። እሱ ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ በልጅነቱ ድንጋይ ሲያቀብል ውሎ ግንብ ለመደ። ኋላም ኖራ ማቃጠል ከአንድ ሽማግሌ ተማረና በወረታ ዙሪያ ግንበኛ ሲባል ታከለ ሆነ። ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ፣ የአራት ጥማድ በሬ ጌታ ነኝና ልጄን ለእጅ ሠራተኛ አልሰጥም አሉ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜም አፌ አያርፍም፤ በሬ ያለው ሁሉ ሰው ነው ወይ ብዬ ተናገርሁ። በአርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ተጋባን። ሁለት ዓመት ቆይታ ማናዬ ተወለደች። ከእሷ በኋላ ሌላ ልጅ አልሰጠንም።

አሁን የምነግራችሁ የድንጋይ በር ሚካኤልን ነገር ነው። ከወረታ ወደ ፀሐይ መውጫ ግማሽ ቀን ሲሄዱ፣ የፎገራ ሜዳ አልቆ መሬቱ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ጉብታ ላይ ያለ ደብር ነው። እኛም የምንኖረው ከሥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ታች ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሰውም ከብቱም ወደ ጉብታው ይጠጋል። የቅጥሩ መግቢያ ነገሥታቱ ጎንደር በነበሩበት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባ በር ነው። ከላይ ደወል ቤት አለው፤ ከታች ሁለት ወፋፍራም እግሮች ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ መግቢያ። ታቦቱ የሚወጣ በእሱ ሥር ነው፤ ሙሽራውም ሬሳውም የሚያልፍ በእሱ ሥር ነው።

የኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ አመል አለው። የበሩን ኖራ እንደ እምነት አፈር ይወስደዋል። ቤቱ በሽተኛ ሲኖር ይመጣል፣ ይሳለማል፣ በወስፌ ወይም በቢላ ጫፍ ከድንጋዩ መገጣጠሚያ ኖራ ይፍቃል፣ በጠበል በጥብጦ ያጠጣል። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። አያቴ ፍቀዋል፣ እናቴም ፍቃለች። የሚያሽረው ደግሞ የጥንቱ ኖራ እንጂ አዲሱ አይደለም ይባላል። እናም ታከለ አንዱን ቀዳዳ በአዲስ ኖራ ሲደፍን፣ ሰዉ አዲሱን ትቶ ከጎኑ ያለውን አሮጌ ይፍቃል። ክርን የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረበት። «ሳር የሚበላ ከብት አውቃለሁ፣ በር የሚበላ ሰው ግን እዚህ አየሁ» ይል ነበር። ይስቃል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በሩ ሥር ባለፈ ቁጥር ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል።

በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ከደወል ቤቱ ሁለት ድንጋይ ወርዶ አንዲት በግ ገደለ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ መንግሥቴ፣ ሽማግሌዎችን ሰበሰቡ። ገሚሱ ይፍረስና በድንጋዩ አጥሩን እንጠግንበት አለ። ገሚሱ ከጎንደር ሲሚንቶ ይምጣና ይለበጥ አለ። ታከለ ከኋላ ተቀምጦ ነበርና ተነሳ። ሲሚንቶና የድሮ ኖራ አይዋደዱም፤ ኖራው ውሃ ጠጥቶ ውሃውን መልሶ ይተፋል፣ ሲሚንቶ ካለበሳችሁት ግን ውሃው ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ያፈርጠዋል አለ። ከሥሩ ጀምሬ በኖራ ልሙላው፣ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ታቦቱ በእሱ ይወጣል አለ። አለቃ፣ ሲሚንቶ ቢያንስ በጥብጦ የሚጠጣው በሽተኛ የለም ብለው ሰዉን አሳቁት። ኋላ ግን ሥራውን ለታከለ ሰጡት።

የግንበኛ ወግ አለ። የጎበጠ ነገር የገነባ ሰው፣ ደጋፊው ባላ ሲነቀል ብቻውን ከሥሩ ይቆማል። ቢወድቅ በእሱ ይውደቅ ነው ነገሩ። ታከለም በኅዳር አሥራ አንድ፣ በዋዜማው፣ ባላው ሲነቀል እቆማለሁ ብሎ በሰው ፊት ቃሉን ሰጠ። እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። አባቴ እውነታቸውን ነው፣ በሬ ያለው ሰው ይሻል ነበር አልሁ።

መስከረም እንደ ጠባ ሥራ ተጀመረ። ወፋፍራም ባላ ተቆርጦ በሩ ተደገፈ፣ ግንበኛው የሚቆምበት ርብራብ ተሠራ። የኖራ ድንጋዩ ከይፋግ ወዲህ ካለ ኮረብታ በአህያ መጣ፣ ተቃጠለ፣ ጉድጓድ ገብቶ ውሃ ጠጣ። ፍቀቱን ደግሞ ለማስቆም ታከለ አለቃን ለመናቸው። አለቃም በመስቀል ማግሥት ምእመኑን ሰብስበው፣ ከእንግዲህ ከዚህ በር ኖራ የፋቀ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን ብለው ገዘቱ። እኔም ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አሜን አልሁ።

ያ ዓመት ግን የንዳድ ዓመት ሆነ። ከሜዳው ዳር ጀመረና በጥቅምት ውስጥ በየቤቱ ገባ። የአንዱን ቤት ለቅሶ ሳንጨርስ ሌላው ይጮሃል። መኸሩ ቆሞ አጫጅ ታጣ። ግዝቱም ሰውን አላስቆመውም፤ ልጁ የሚቃጠልበት ሰው ምን ግዝት ይሰማል? ታከለ እሾህ አጠረ፤ እሾሁን ገልጠው ገቡ። ጠዋት መጥቶ አዲስ ቀዳዳ ሲያይ እንደ ታመመ ሰው ቁጢጥ ይላል። አንዴ በምሳው ሰዓት ስሄድ አንዲት አሮጊት ወስፌ ይዛ አግኝቷት፣ ሊጮህባት ተነስቶ፣ መልሶ መንገዱን ሲለቅላት አየሁ።

በጥቅምት ሃያ ማናዬን ያዛት። ጠዋት ስትስቅ የነበረች ልጅ ቀትር ላይ ጥርሷ ይገጫጫል፣ ወዲያው እንደ ፍም ትሆናለች። አባቷ ሥራ ሳይሄድ ጠዋት ጠዋት በቀንድ ዋንጫ ውሃ ያጠጣታል፤ እኔ የአባት ፍቅር ነው ብዬ ልብ አላልሁትም። ጎረቤቴ ጸሐይነሽ ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛው ተርፎላት ነበር። ምን አደረግሽ ብላት፣ ማንም ያልነካውን ኖራ አጠጣሁት አለችኝ። በቀኝ በኩል፣ በሩ ውስጥ፣ ከባላው ጀርባ፣ ከታች ነው አለችኝ። ግዝቱስ ብላት የተረፈላትን ልጅ ወደ ጉያዋ ሳበችው።

ወይ እኔ! በነገታው ቀትር ላይ፣ ታከለ ከኖራ ጉድጓዱ ዘንድ ሳለ፣ ምሳ ያመጣሁ መስዬ ገባሁ። ከባላው ጀርባ ተንበርክኬ በወስፌ ፋቅሁ። ነጭ ዱቄት መሰለ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ቀዳዳው እንዳይታይ ጭቃና እበት ለውሼ ለጠፍሁበት፣ አመድ ቀባሁት። ልጄን አጠጣኋት። በነገታው ገላዋ በረደ፣ ሽሮ ካልበላሁ አለች። ሚካኤልን አመሰገንሁ። በሦስተኛው ቀን መልሶ ጣላት። ያ ንዳድ ቀን እየዘለለ እንደሚይዝ ማን ነግሮኝ! ኖራው አነሰ እንጂ ሠርቷል ብዬ ደግሜ ሄድሁ። እንደገና በረደላት፣ እንደገና ጣላት። አራት ጊዜ ተመላለስሁ። መጨረሻ ላይ እጄ እስከ ክንዴ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አታንሱብኝ። ታከለ ማታ መጥቶ ዛሬ ይኼን ያህል ደፈንሁ፣ ግራውን እግር ጨረስሁ፣ ቀኙን ጨረስሁ ይለኛል። እኔ ጨረስሁ ሲል እሳት ልቆሰቁስ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ከባላው ጀርባ ጭቃ ለብሶ የተቀመጠውን አላየውም እላለሁ። ብነግረው ይደፍነዋል፤ ቢደፍነው ልጄን በምን አድናለሁ? ባልነግረው በኅዳር አሥራ አንድ ከሥሩ ይቆማል። የተገዘትሁም እኔ ነኝ፣ አሜን ያልሁም እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር፣ የግንበኛው ሚስት በሩን በላችው ተብሎ ስሙ ይጠፋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እየበላሁ አልጠግብ፣ እየተኛሁ አላንቀላፋ። እሱ ግን የልጅሽ ሕመም ነው እያለ ያጽናናኛል። ያ ማጽናናቱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ኅዳር አሥራ አንድ ደረሰ። ማናዬ ሌሊቱን ስትቃጠል አድራለች። ለጸሐይነሽ ትቻት ወጣሁ። የተረፈ ሰው ሁሉ ከበሩ ፊት ተሰብስቧል፤ ልጆች የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። ባላዎቹ ላይ ገመድ ታስሮ ጎረምሶች ጫፉን ይዘዋል። አለቃ ጸሎት አደረሱ። ታከለ ጋቢውን አውልቆ ለሰው ሰጠ፣ አማተበ፣ ከበሩ ሥር ገብቶ መካከል ላይ ቆመ።

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሴት ከዚያ መግባት ወግ አይደለም፤ ሰዉ ጉድ ጉድ ሲል ይሰማኛል። አጠገቡ ደርሼ ቆምሁ።

«ውጣ» አልሁት። «ከባላው ጀርባ፣ ከታች፣ እኔ ፍቄዋለሁ። እስከ ክንዴ ይገባል።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ደግሞም ይገባኝ ነበር። አልተቆጣም።

«ያንቺንማ በነገታው ነው ያየሁት» አለኝ። «ሌላው ሰው ፍቆ ይሄዳል፤ ጭቃ ለጥፎ አመድ የሚቀባ ከአንቺ ሌላ ማን አለ? መመላለሱን ስትተዪ ደፈንሁትና ጭቃሽን መልሼ ለጠፍሁበት፣ እንዳታፍሪ ብዬ።»

እንግዲያስ ውጣ ብዬ ክንዱን ሳብሁት። እሱ ግን ከዚያ አልተነቃነቀም። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል።

«ያልተደፈነው የእኔ ነው» አለ።

በዓይኑ ወደ ላይ አሳየኝ። ቅስቱ ከእግሩ ለቆ መጉበጥ በሚጀምርበት ትከሻው ላይ፣ ርብራብ ላይ የወጣ ሰው ብቻ በሚደርስበት ቦታ፣ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ያን ጊዜ የጠዋት ጠዋቱ የቀንድ ዋንጫ መጣብኝ። እሱም ሲፍቅ ነበር! ሰውን በእሾህ እያጠረ፣ ግዝቱን ራሱ ለምኖ፣ እሱም ሲፍቅ ነበር። ማናዬ ስትነሳ እደፍነዋለሁ ብሎ ነው የተወው። አልተነሳችም፣ ቀኑ ደረሰ። በላዩ ቢወርድ ይውረድ ብሎ ገብቶ ቆሟል።

ዛሬ በላዩ ባይወርድ ነገስ? ነገ ታቦቱ አለ፣ ካህናቱ አሉ፣ ያ ከንዳድ የተረፈ ሕዝብ ሁሉ አለ። ይህን እሱም ያስባል፤ ሲያስበው እንዳደረ ከፊቱ ታየኝ።

«እማዋይሽ» አለኝ፣ «ልድፈነው?»

ምን እንደሚጠይቀኝ አውቄአለሁ። ኖራ ልለስን ማለቱ አይደለም። እኛ በዚያ ቀዳዳ ልጃችን ትድናለች ብለን አምነን ነበር፤ ተስፋ ልቁረጥ ወይ ነው የሚለኝ። ቀና ብዬ አጥሩ ላይ የተደረደሩትን ልጆች አየሁ። አንዷ የማናዬን ቀሚስ የመሰለ ለብሳ እግሯን ታወዛውዛለች። ያቺን ልጅ በሰዓቱ ጠላኋት፤ ልዋሽ አልችልም። ግን ነገ ከዚህ ሥር የምታልፈው እሷ ናት።

«ድፈነው» አልሁት።

ወጣና ለአለቃ መንግሥቴ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ባላው አይነቀልም፤ እኔም ሚስቴም ፍቀናል፤ የእኔው ቀዳዳ አልተደፈነም፤ ዛሬ ቢደፈንም ኖራው እስኪይዝ ወር ይፈልጋል አለ። አንድ ሰው ከኋላ፣ ሌባውን ጠባቂ አድርገን ነበር ለካ አለ፤ ማንም ግን አልሳቀለትም። ከዚያ ሁሉ ሰው ቤቱ የበሩ ኖራ ቋጠሮ የሌለው አልነበረማ። አለቃ ወደ እኛ ቀረቡ። ግዝቱን እኔ አሥሬአለሁ፣ እኔ እፈታዋለሁ፣ ለንስሐችሁ ግን ስግደት አለባችሁ አሉን። ታቦቱም ዘንድሮ በምሥራቅ በኩል አጥሩ ተከፍቶለት ይወጣል አሉ።

ታከለ ርብራቡ ላይ ወጣ። ኖራውን እኔ ነኝ ያቀበልሁት። ነጠላዬ ጫፍ ላይ የተረፈውን አሮጌ ኖራ ፈትቼ ከአዲሱ ጋር ለወስሁት፤ የበሩ ነውና ለበሩ ይመለስ ብዬ። ድንጋይ እየሰካ፣ ኖራ እየሞላ፣ በግንበኛ ማንካው አለሰለሰው። ከዚያ ማንካውን አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አሸው። ጨረሰ ስል ያሸዋል፣ ጨረሰ ስል ያሸዋል።

ቤት ስንገባ ማናዬ ውሃ አለች። ዋንጫውን ሰጣት። ውሃ ብቻ ነበር።

በኅዳር አሥራ ስምንት ቀን አረፈች። የወባ ኪኒን የያዙ ሰዎች ወረታ ገበያ መጡ የተባለው ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው። ኖራው ነው ያቆያት ወይስ ኖራው ነው የጎዳት፣ ባይደፈን ትድን ነበር ወይ፣ እኔ ይህን ስንት ሌሊት እንደ ፈጨሁት ሚካኤል ያውቃል። አንዴ በንዴት፣ ልጄን ለበር ሰጠሃት አልሁት። እኔው ድፈነው እንዳልሁት እንኳ አላስታወሰኝም።

ባላው የተነቀለው በታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው። በዚያን ቀን ብዙ ሰው አልመጣም። ታከለ ገብቶ ቆመ፤ መካከል ላይ ሳይሆን ልክ ከዚያ ቀዳዳ ሥር፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አላማተበም። ደንግጬ አየሁት፤ እንዲወድቅበት የፈለገ መሰለኝ። እንደገና ገባሁና እጁን ያዝሁት። ይኼን ጊዜ ማንም ወግ አይደለም አላለኝም። ገመዱ ተሳበ፣ ባላዎቹ ወደቁ፣ ከላይ ትንሽ አቧራ ራሳችን ላይ ወረደ። በሩ ቆመ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት በየክረምቱ መውጫ መሰላል ተሸክሞ ይሄድና በሩን ከታች እስከ ላይ ያንኳኳዋል። የሚፍቅም አልጠፋም፤ ግን ቀነሰ፤ የእኛን ነገር የሰማ ሰው እጁ ይያዛል መሰለኝ። ታከለ እያንዳንዱን ድንጋይ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ የላላውን ይሞላል። ያቺን ቦታ ግን አያንኳኳትም። ሲደርስባት እጁን ያነሳና ከጎኗ ይጀምራል። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

በስልሳ አንድ መጋቢት ላይ ደረቱ ይዞት ሞተ። ሬሳው በበሩ ሥር አለፈ። አርባው ከወጣ በኋላ መሰላሉን በአህያ ጭኜ ሄድሁ። አለቃ መንግሥቴ አርጅተዋል፤ አንቺ ሴት ትወድቂያለሽ አሉኝ። መሰላሉን ያዙልኝ አልኋቸው፣ ያዙልኝ። ወጣሁ። የአውራ ጣቱ ፈለግ እስካሁን ኖራው ላይ አለ። እሱ ያልቻለውን እኔ ልቻለው ብዬ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት፣ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ አዳመጥሁ።

ድፍን ነው።